በስኩባ ወይስ በትንፋሽ? ለሐይቁ ልጅ የተሰጠ መልስ

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦

«ሰላም ጋሼ። የወሎዋ ሐይቅ ከተማ ልጅ ነኝ፤ ዕድሜዬ 24 ነው። አሁን ቀይ ባሕር ዳር ባለ ከተማ ነው የምሠራው። እዚህ ሰዎች በትንፋሽ ብቻ ጠልቀው አሣ በጦር ሲወጉ አየሁና ልቤ ተሰቀለ። አንድ የሥራ ባልደረባዬ ደግሞ ‹ያገለገለ የስኩባ ዕቃ በርካሽ ላግኝልህ፤ በሲሊንደር ከሆነ ታች ረጅም ሰዓት ትቆያለህ› ይለኛል። እኔ ትንፋሼን ሁለት ደቂቃ እይዛለሁ። ለአሣ አደን የትኛው ይሻላል? ለዒድ አገር ቤት ስገባ ሐይቃችን ላይ ብለማመድስ? ታናሽ ወንድሜ ዳር ሆኖ ይጠብቀኛል።»

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ደስም አለኝ፣ ሰጋሁም። ደስ ያለኝ የወሎ ልጅ ስለ መጥለቅ ሲጠይቀኝ ስንት ዓመቴ መሰለህ! እኔም እዚያው ተሁለደሬ ተወልጄ ነው ጠላቂ የሆንኩት። ብዙ ዓመት ቀይ ባሕር ላይ የመርከብ ሆድ ስፈትሽና ጀማሪዎችን ሳሠለጥን ኖሬያለሁ። የሰጋሁት ደግሞ በመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገርህ ነው። «ዳር ሆኖ ይጠብቀኛል» ያልካት። ወደ እሷ እመለሳለሁ።

መልሱን ላስቀድም። ለአሣ አደን በትንፋሽ መጥለቅን ምረጥ። ስኩባን፣ ማለትም አየር በሲሊንደር ተሸክሞ መጥለቅን፣ ለማየት፣ ለፎቶ፣ ለሥራ ተማረው፤ ጦር ይዘህ ግን አትግባበት። ይህን የምልህ በትንፋሽ መጥለቅ አደጋ ስለሌለው አይደለም። አለው፣ ያውም ከባድ። ሁለቱም ይገድላሉ። አገዳደላቸው ግን ተቃራኒ ነው። አንዱ ላይ ነፍስህን የሚያተርፈው ልማድ ሌላው ላይ ነፍስህን ይወስዳል። መጀመሪያ ይህ እንዲገባህ እፈልጋለሁ።

ባሕር ዳር ቆመህ የሚጫንህ አየር አንድ ባር ገደማ ነው፤ ባር የግፊት መለኪያ ነው። ውሃ ውስጥ በየ10 ሜትሩ ሌላ አንድ ባር ይጨመራል። 10 ሜትር ላይ ሁለት፣ 20 ሜትር ላይ ሦስት ይሆናል። አየር ደግሞ ሲጫኑት ይጠባል፣ ሲለቁት ይሰፋል። በትንፋሽ ስትወርድ ስድስት ሊትር አየር ይዘህ ገባህ እንበል። 10 ሜትር ላይ ሦስት ሊትር ይሆናል። ስትወጣ ተመልሶ ስድስት ይሆናል። ይዘህ የገባኸውን ነው ይዘህ የወጣኸው። ሳንባህ ምንም አይሆንም።

ስኩባ ላይ ሒሳቡ ሌላ ነው። አፍህ ላይ የምትይዘው አየር ማቀበያ፣ ሬጉሌተሩ፣ አየሩን የሚሰጥህ በዙሪያህ ባለው ግፊት ልክ ነው። 10 ሜትር ላይ ሆነህ ሳንባህን ስድስት ሊትር ሞላህ። ትንፋሽህን ይዘህ ብትወጣ ያ ስድስት ሊትር አሥራ ሁለት ሊሆን ይፈልጋል። የት ይገባል? ሳንባ ይቀደዳል። አየሩ ወደ ደም ሥር ገብቶ ወደ አንጎል ይሄዳል። ለዚህ ብዙ ጥልቀት አያስፈልግም። ሳንባ ሙሉ ከሆነ የአንድ ሜትር ከሃያ ከፍታ ይበቃል። የአንተ ቁመት እንኳ አይሞላም። ስለዚህ የስኩባ የመጀመሪያው ሕግ አንድ ነው፦ ትንፋሽ መያዝ ክልክል ነው። ሁልጊዜ ተንፍስ።

አሁን አንተን አስብ። ከልጅነትህ ጀምሮ ሐይቅ ላይ ስትጠልቅ የለመድከው ምንድን ነው? ትንፋሽ መያዝ። ሰውነትህ ያንን ያውቃል። ሲሊንደር ተሸክመህ አንድ ትልቅ አሣ ብትወጋና አሣው ወደ ላይ ቢጎትትህ፣ በዚያች ድንጋጤ እጅህና ሳንባህ የሚመለሱት ወደ ድሮው ልማድ ነው። ጀማሪ ሳሠለጥን በጣም የምጠነቀቀው ከዋና የማያውቀው ይልቅ እንዳንተ ያለውን ጎበዝ ጠላቂ ነው።

አንድ ያየሁትን ልንገርህ። አንድ ወጣት በትንፋሽ 12 ሜትር ያህል ወረደ። ታች ጓደኛው በስኩባ ነበር። ጓደኛው ለወዳጅነት ብሎ ትርፉን ሬጉሌተር ዘረጋለት። ልጁ አንዴ በደንብ ሳበ። «አመሰግናለሁ» የሚል ምልክት ሰጠና እንደለመደው አፉን ዘግቶ ወደ ላይ ሄደ። ሲወጣ ከአፉ ደም ይመጣ ነበር። ተርፏል፣ አልሐምዱሊላህ። ግን ብዙ ቀን ሆስፒታል ተኝቷል። አንዲት ትንፋሽ ናት፤ በቅንነት የተሰጠች። አንተ ከማንም ሲሊንደር ታች ሆነህ እንዳትስብ። ይህን ብቻ ይዘህ ብትሄድም መጻፌ አይቆጨኝም።

እንግዲህ ወደ ሌላኛው ሞት። በትንፋሽ ስትጠልቅ የሚገድልህ የኦክስጅን ማለቅ ነው። ችግሩ ማለቁ አይሰማህም። «ተንፍስ፣ ተንፍስ» ብሎ ደረትህን የሚያስጨንቀው የኦክስጅን ማነስ ሳይሆን የካርቦን ዳይኦክሳይድ መብዛት ነው። ደወሉ እሱ ነው። ብዙ ልጆች ከመጥለቃቸው በፊት ቶሎ ቶሎ፣ ደጋግመው ይተነፍሳሉ። «አየር እየሞላሁ ነው» ይላሉ። እውነቱ ግን ኦክስጅናቸው እምብዛም አይጨምርም፤ ደማቸው ቀድሞም ሞልቷል። የሚቀንሰው ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ነው። ማለትም ደወሉን ያጠፉታል። ከዚያ ምቾት እየተሰማቸው ይቆያሉ። ምቾት እየተሰማቸው ራሳቸውን ይስታሉ።

የሚብሰው ደግሞ መውጫው ላይ ነው። ታች እያለህ ግፊቱ በሳንባህ የቀረችውን ጥቂት ኦክስጅን ወደ ደምህ እየገፋ ያስገባልሃል። ስትወጣ ግፊቱ ይቀንሳል። የሳንባህ ኦክስጅን ግፊትም አብሮ ይወድቃል። ለዚህ ነው አብዛኛው ራስን መሳት የሚደርሰው በመጨረሻዎቹ 10 ሜትሮች፣ ወይም ሰውየው ብቅ ብሎ አንዴ ሁለቴ ከተነፈሰ በኋላ የሆነው። ታች ደህና ነበር። ላይ ደርሷል። ጓደኞቹ «ወጣ» ብለው ፊታቸውን አዙረዋል። እሱ ድምፅ ሳያሰማ ተመልሶ ይሰምጣል። ሲንፈራገጥም አታየውም።

ስለዚህ ሁለት ደቂቃህን እርሳው። ሁለት ደቂቃ አልጋ ላይ ተጋድሞ መያዝና ሁለት ደቂቃ እየዋኙ፣ እያነጣጠሩ፣ ከአሣ ጋር እየታገሉ መያዝ ለየቅል ናቸው። በጦር የሚያድኑ ልምድ ያላቸው ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ደቂቃ ብዙም ሳይርቁ ነው የሚወጡት። አንተ በ40 እና 45 ሰከንድ ጀምር። አንዴ ጠልቀህ ደግመህ ከመጥለቅህ በፊት ቢያንስ ታች የቆየህበትን ሁለት እጥፍ ጊዜ ውሃው ላይ አርፈህ ተንፍስ። ሠላሳ ጊዜ፣ አርባ ጊዜ እየደጋገሙ በጥልቀት መውረድም የራሱ ጣጣ አለው። በፓስፊክ ቱአሞቱ ደሴቶች የሚኖሩ ዕንቁ ለቃሚዎች በትንፋሽ ብቻ እየጠለቁ፣ በቂ ዕረፍት ሳይወስዱ ሲደጋግሙ፣ የስኩባ ጠላቂ የሚይዘው ዓይነት ሕመም ይይዛቸው ነበር። «ታራቫና» ይሉታል።

ይህን ሁሉ ብዬህ ለምን በትንፋሽ ምረጥ አልኩህ? ምክንያቴ ከአሣውም ከጠላቂውም በኩል ነው።

ከጠላቂው ልጀምር። ስኩባ መረጋጋት ይፈልጋል። ቀስ ብለህ ትወርዳለህ፣ ቀስ ብለህ በደቂቃ 9 ሜትር ገደማ ትወጣለህ፣ 5 ሜትር ላይ ሦስት ደቂቃ ትቆማለህ። ምክንያቱ ናይትሮጂን ነው። በግፊት ስትተነፍስ ናይትሮጂኑ ደምህና ሥጋህ ውስጥ ይሟሟል። ቶሎ ከወጣህ የለስላሳ ጠርሙስ ሲከፈት እንደምታየው አረፋ ይሆናል። መገጣጠሚያን ያሳምማል፣ አከርካሪ ላይ ካረፈ ያሽመደምዳል። አደን ደግሞ የዚህ ተቃራኒ ነው። አሣው ወደ ላይ ሲሄድ ትከተላለህ፣ ሲወርድ ትከተላለህ። ወጣ ወረድ ትላለህ። ልብህ ይመታል፣ ትንፋሽህ ይበዛል፣ የጦሩ ገመድ ከቱቦህ ጋር ይጠላለፋል።

የአየሩን ሒሳብ ደግሞ እየው። ባለ 12 ሊትር ሲሊንደር በ200 ባር ሲሞላ 2,400 ሊትር አየር ይይዛል። 50 ባር ለመጠባበቂያ ካስቀረህ 1,800 ይቀርሃል። ሰው ተረጋግቶ በደቂቃ 20 ሊትር ይተነፍሳል ብንል፣ 20 ሜትር ላይ 60 ሊትር ይሆናል። ሠላሳ ደቂቃ ማለት ነው። ሲታገል እጥፍ ይስባል። አሥራ አምስት ደቂቃ ቀረህ። ባልደረባህ የነገረህ «ረጅም ሰዓት» ይህ ነው።

ከዚያ ደግሞ ድምፁ አለ። የስኩባ አረፋ ይጮሃል። በጦር የታደነበት ቦታ ያለ አሣ ያንን ድምፅ ይሸሻል። በትንፋሽ የሚጠልቅ ሰው ዝም ብሎ ይወርዳል። ከድንጋይ ጀርባ ይጋደማል፣ አይንቀሳቀስም። አሣ ደግሞ ማየት ይወዳል። «ይሄ ምንድን ነው?» ብሎ ራሱ ይመጣል። አዳኙ አያባርርም፤ ይጠብቃል። ከዚህ የበለጠ ደስ የሚል ነገር ውሃ ውስጥ አላውቅም። የአሣው ዓይን ዞሮ ሲያይህ፣ አንተ ልብህ ቀዝቅዞ ጸጥ ስትል። ልብ መቀዝቀዙ እውነት ነው፣ የአነጋገር ማሳመሪያ አይደለም። ፊት ውሃ ሲነካና ትንፋሽ ሲያዝ የልብ ምት ይቀንሳል፤ ሰውነት ኦክስጅን እንዲቆጥብ አላህ የሠራው ነገር ነው።

ወደ አሣው ስመጣ፣ በትንፋሽ የሚጠልቅ ሰው ወሰን አለው። ከተወሰነ ጥልቀት በታች አይወርድም። ከዚያ በታች ያለው አሣ ይተርፋል፣ ይወልዳል፣ ላይኛውን መልሶ ይሞላል። ስኩባ ያንን መጠለያ ያፈርሰዋል። እዚያ ባሕር ዳር ሐሙር የሚሉትን አሣ ሳታውቀው አትቀርም። ግሩፐር ነው። ብዙዎቹ የሐሙር ዓይነቶች ሴት ሆነው ያድጉና ሲተልቁ ወንድ ይሆናሉ። ትልልቆቹን እየመረጥክ ከወጋህ ወንዶቹን ጨረስካቸው። ዋሻው ውስጥ ቆሞ የሚያይህ ነውና በሲሊንደር ለሚመጣ ሰው በጣም ቀላል ነው። ፈረንሳይ በሜዲትራኒያን ዳርቻዋ እ.ኤ.አ. በ1993 የዚህን አሣ ዘመድ በጦር መውጋት ከልክላለች፤ አሣው ቀስ በቀስ ተመልሷል። በአሜሪካ ሳሞአ ደግሞ ጠላቂዎች ማታ ማታ ሲሊንደር ተሸክመው፣ ባትሪ ይዘው፣ የተኙ በቀቀን አሣዎችን ከጉድጓዳቸው ይለቅሙ ጀመር። እ.ኤ.አ. በ2001 በስኩባ መውጋት ተከለከለ።

ክልከላው እዚያ ብቻ አይደለም። በፈረንሳይ፣ በጣሊያን፣ በስፔን፣ በአውስትራሊያዋ ኩዊንስላንድ በሲሊንደር እየተነፈሱ በጦር ማደን ሕገ ወጥ ነው። የዓለም የጦር ዓሣ አደን ውድድርም የሚካሄደው በትንፋሽ ብቻ ነው። የኮሪያዋ ጄጁ ደሴት ሴት ጠላቂዎችን ስማቸውን ሰምተህ ይሆናል፤ ሄንዮ ይባላሉ። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2016 በቅርስነት መዝግቧቸዋል። ሲሊንደር ጠፍቶ አይደለም በትንፋሽ የሚጠልቁት። ባሕሩ እንዳይራቆት ብለው ነው። በነገራችን ላይ ሲሊንደር ይዞ መውጋት የሚበረታታበትም ቦታ አለ። ካሪቢያን ውስጥ የቀይ ባሕሩ አንበሳ አሣ ዘመድ ሰፍሮ የአገሩን አሣ ስለፈጀ፣ ጠላቂዎች በስኩባ እየገቡ ያወጡታል። ያ ወራሪ ስለሆነ ነው።

አንተ ያለህበት ከተማ ላይ ጦር ከመግዛትህ በፊት ወደብ አስተዳደሩን ወይም የዓሣ ሀብት መሥሪያ ቤቱን ጠይቅ። ቀይ ባሕር ላይ ብዙ ጥብቅ ቦታ አለ፤ እዚያ ጦር ይዞ መገኘት ራሱ ያስቀጣል። የውጭ አገር ሠራተኛ ነህና ለአንድ አሣ ብለህ መኖሪያ ፈቃድህን አትጣ።

አሁን ወደ ሐይቃችን።

ሐይቅ የሚገኘው ከባሕር ወለል በላይ 2,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው። እዚያ የአየሩ ግፊት የባሕር ዳሩ 80 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ይህ ሁሉን ነገር ይለውጣል። በስኩባ ብትገባ፣ የስኩባ ሠንጠረዦች የተሠሩት ለባሕር ወለል ነው። ሐይቅ ላይ 16 ሜትር መውረድ ለሰውነትህ ባሕር ላይ 20 ሜትር እንደ መውረድ ነው። 10 ሜትር ላይ ይሆናል ያልኩህ የግፊት እጥፍ እዚያ 8 ሜትር ላይ ይሆናል። ለዚህ የተለየ ሥልጠና አለ፤ ከ300 ሜትር ከፍታ በላይ መጥለቅ ለብቻው፣ የከፍታ ቦታ መጥለቅ ተብሎ ነው የሚቆጠረው። ከውሃው ወጥተህስ? ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ናት። ወደ ኮምቦልቻ ልወርድ ነው ብትልም ዋናው መንገድ በደሴ በኩል ነው የሚያልፈው። ከውሃ ወጥተህ በሚኒባስ ሽቅብ ስትወጣ ግፊቱ እንደገና ይቀንሳል። ደምህ ውስጥ የቀረው ናይትሮጂን መንገድ ላይ አረፋ ሊሆን ይችላል። ሰው መኪና ውስጥ ተቀምጦ «እግሬን ደነዘዘኝ» ቢል ማን ከሐይቁ ጋር ያገናኘዋል?

በትንፋሽም ቢሆን ከፍታው ይነካሃል። አንድ ሳንባ ሙሉ አየር ሐይቅ ላይ የሚይዘው ኦክስጅን ባሕር ዳር ከሚይዘው በአምስት አንድ ያህል ያንሳል። የካርቦን ዳይኦክሳይዱ ደወል ግን በለመደው ሰዓት ነው የሚደውለው። በደወሉና ራስን በመሳት መካከል ያለችው ጊዜ አጠረች ማለት ነው። አንተ ደግሞ ወራት ባሕር ዳር ቆይተህ ነው የምትመጣው። የደጋው ልምድህ ቀንሷል። ስለዚህ ባሕር ላይ የለመድከውን ሰከንድ ይዘህ ሐይቅ አትግባ። በግማሹ ጀምር። ለመውረድ የምትታጠቀውን የእርሳስ ብረት ክብደትም ቀንስ። ንጹሕ ውሃ ከጨው ውሃ ያነሰ ነው የሚያንሳፍፍህ፤ 80 ኪሎ ለሚመዝን ሰው ልዩነቱ ሁለት ኪሎ ገደማ ነው። ባሕር ላይ ልክ የነበረው ቀበቶ እዚያ ያሰምጥሃል።

ጦሩን ግን ሐይቅ ላይ አታምጣው። እለምንሃለሁ። የመጀመሪያው ምክንያት ውሃው አያሳይም። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ መጨረሻ ጣሊያኖች ሲለኩት እስከ 9 ሜትር ያሳይ ነበር። ሃምሳ ዓመት ቆይቶ ሲለካ ከአንድ ሜትር ብዙም አልዘለለም። ቆሮሶ የሚባለው አሣ፣ ቲላፒያ፣ ወደ ሐይቁ የተለቀቀው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ነው። ተመራማሪዎች ውሃው አረንጓዴ የሆነበትን አንዱን ምክንያት ከዚያ ጋር ያያይዙታል። አልጌ የሚበሉትን ጥቃቅን ነፍሳት አሣው በላቸው፣ አልጌው በዛ። አንድ ሜትር ከሚያሳይ ውሃ ውስጥ ላስቲክ የሚወነጭፈው ጦር ብዙ ሜትር ይሄዳል። ከዚያ ወዲያ ማን አለ? አንተ ልጅ እያለህ የት ትዋኝ ነበር? አሁንም ልጆች እዚያው ናቸው።

ሁለተኛው መረቡ ነው። የአሣ አጥማጆች መረብ ውሃ ውስጥ አይታይም፤ የተሠራውም እንዳይታይ ነው። አሣው ያላየውን አንተም አታየውም። ሦስተኛው የአሣው ጉዳይ ነው። ቆሮሶ እናት ዕንቁላሏን የምትፈለፍለው አፏ ውስጥ ነው። ከዚያ በኋላም ጫጩቶቿ ሲደነግጡ ተመልሰው አፏ ይገባሉ። ወንዱ ጎጆውን ሲጠብቅ ቦታውን ለቅቆ አይሄድም። በጦር በቀላሉ የሚገኙት እነዚህ ሁለቱ ናቸው። «ሲሊንደር ይዤ ጥልቁ ጋ ልውረድ» ብትልም አሣ የለም። ጥልቁ ውሃ ከላይኛው ጋር ስለማይደባለቅ ኦክስጅን ያጥረዋል። አሣው ያለው ላይ ነው፤ አጥማጁ መረብ በሚጥልበት። የነሱ እንጀራ ነው። ፊሌቶውም፣ ጉላሹም፣ ዱለቱም ከዚያ ነው የሚወጣው። አጥማጆቹ በማኅበር ተደራጅተው ይሠራሉ። አገሪቱም የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 አላት። የወረዳውን ግብርና ጽሕፈት ቤት ሳትጠይቅ በአዲስ መሣሪያ አትጀምር። የእስጢፋኖስ ገዳም ዙሪያማ ለጸጥታው ሲባል ጭራሽ አትቅረበው።

ሐይቅ ላይ መለማመድ የምትችለው ጦር ሳትይዝ ነው። ጆሮ ማመጣጠን ተለማመድ። አፍንጫህን ይዘህ፣ ጉሮሮህን ዘግተህ፣ በምላስህ ሥር አየሩን ወደ ጆሮህ ገፋ ማድረግ። ሳያምህ በፊት፣ በየሜትሩ። ካመመህ ተመለስ፤ አትግፋው። አቆልቁለህ በጭንቅላትህ መግባትን ተለማመድ። ተንሳፋፊ ነገር ላይ ገመድ እሰርና እሱን ይዘህ ውረድ፣ ውሃው የሚያሳይ ከሆነ 4 እና 5 ሜትር ይበቃል። ዳር ካለው ቄጤማና ከቀንድ አውጣው ራቅ በል፤ ቢልሃርዝያ በወሎ ውሃዎች ያለ በሽታ ነው። ስትመለስ ጤና ጣቢያ ብትታይ ጥሩ ነው።

ስለ ባልደረባህ ዕቃ በአጭሩ። አትግዛ። ያገለገለ ሲሊንደር በየአምስት ዓመቱ በውሃ ግፊት ተፈትሾ ቀኑ አንገቱ ላይ መቀረጽ አለበት። እ.ኤ.አ. ከ1988 በፊት ከተሠሩት የአሉሚኒየም ሲሊንደሮች ብዙዎቹ አንገታቸው ላይ በሚሰነጠቅ ቅይጥ የተሠሩ ናቸው። ከሁሉ በላይ ደግሞ ማን ይሞላልሃል? «ጎሚስታ ቤት እናስሞላዋለን» ያሉ ልጆች ገጥመውኛል። የጎሚስታ ኮምፕሬሰር ለጎማ ነው። የሚደርስበት ግፊት ሲሊንደር የሚፈልገው አጠገብ አይደርስም፤ አየሩም ዘይት አለበት። ሞተሩ አጠገብ ከሆነ ደግሞ የጭሱን ካርቦን ሞኖክሳይድ ይስባል። ቤት ዘግተው ከሰል ያነደዱ ሰዎችን የሚገድለው ያ ነው። ውሃ ውስጥ በግፊት ሲተነፈስ ይብሳል። ቱቦ አስረው በቀጥታ ከኮምፕሬሰር እየተነፈሱ የሚጠልቁም አሉ፤ እሱንም እንዳታስበው። ገንዘብህን ለኮርስ አውጣው። መጀመሪያ የፍሪዳይቪንግ፣ ማለትም በትንፋሽ የመጥለቅ፣ የጀማሪ ኮርስ፤ ቀን ሲኖርህ የስኩባውን። ስኩባ የጠለቅህበት ቀን በትንፋሽ አትጥለቅ፤ አንድ ሙሉ ቀን ይለፍ።

ወደ ወንድምህ ልመለስ። ዳር ሆኖ የሚጠብቅህ ሰው ሬሳህን ነው የሚጠብቀው። ከባድ ቃል እንደሆነ አውቃለሁ። ግን ራስህን ስተህ ስትሰምጥ እሱ ልብሱን አውልቆ፣ ዋኝቶ፣ በአረንጓዴ ውሃ ውስጥ ፈልጎ የሚያገኝህ መቼ ነው? እሱም በማስክ ውሃው ላይ መሆን አለበት። አንዱ ሲወርድ ሌላው ላይ ሆኖ ያያል፤ ሁለታችሁም በአንድ ጊዜ አትወርዱም። ውሃው ወንድምህ አንተን እንዲያይ ካልፈቀደ ጥልቀቱን ቀንሱ። እሱ ወደሚያይበት ድረስ ብቻ ውረድ። አንድ ሜትር ቢሆንም አንድ ሜትር።

ስትወጣ ፊትህን ያያል እንጂ አሣውን አይደለም። ሠላሳ ሰከንድ ይቆጥራል። አንተም ቶሎ ወደ ወሬ አትገባም፤ ሳብ አድርገህ ትንሽ ትይዛለህ፣ ቀስ ብለህ ትለቃለህ፣ እንደገና። ከንፈርህ ቢጠቁር፣ ጭንቅላትህ ቢንቀጠቀጥ፣ ስትጠራ ባትመልስ፣ አገጭህን ከውሃ በላይ ይይዛል። ማስክህን ያወልቃል። ፊትህ ላይ እፍ ይላል፣ ጉንጭህን ይመታል፣ በስምህ እየጠራ «ተንፍስ!» ይልሃል። ብዙ ጊዜ በሰከንዶች ውስጥ ትነቃለህ። ካልነቃህ ትንፋሽ እየሰጠህ ወደ ዳር ይጎትትሃል። ይህን መጀመሪያ ደረትህ በሚደርስ ውሃ ላይ ሃያ ጊዜ ተለማመዱት። አንዴ አንተ ትስታለህ፣ አንዴ እሱ። እጁ ሳያስብ እስኪሠራው ድረስ።